ቃለ ጉባኤ ያዥ

ጥር ነው። መሐል ሜዳ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።
ነፋሱ በመስኮት፣ በተሰበረበት፣
እየገባ ይወጣል እንደ ቤተኛ ሰው።
ቃለ ጉባኤውን እኔ ነኝ የምጽፈው።
እስክሪብቶው በብርዱ ቀለሙ ረግቶ
በትንፋሼ ሳሞቀው፣ መዳፌ ላይ ተኝቶ፣
"የተገኙ" ብዬ ከርእሱ በታች ጻፍሁ፣
ቁጥሩን አስቀድሜ እስከ ስድስት ሞላሁ።

አጀንዳው አንድ ነው፤ ልጅዓለም ይባላል፤
ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤
ከአፉ ቃል አይወጣም፤ ጠጠር ይሰበስባል፤
አንዳንዴ ደወል ሲመታ ከግቢ ይጠፋል።
"ዕቅድ ይውጣለት" ሲል፣ ከወረዳ መጥቶ፣
ደብዳቤ አዞናል ማኅተም ተመትቶ።

አንድ፣ ርእሰ መምህሩ፣ አቶ ጥላዬ ናቸው፣
ቁጭ ሳይሉ በፊት ስልክ የሚጠራቸው።
ሁለት፣ ዓይንአዲስ ናት፣ የልዩ ፍላጎቷ፣
በሦስት ትምህርት ቤት የተከፈለ ሰዓቷ።
ሦስት፣ የክፍሉ መምህር፣ የሒሳብ አስተማሪ፣
"እኔ ምን ልናገር፣ ገና ነኝ ጀማሪ።"
አራት፣ ከጤና ጣቢያ ሲስተር የምሥራች፣
"ጆሮውን አይቻለሁ፣ ደህና ነው" እያለች።
አምስት፣ ከወረዳ አንድ ባለሙያ መጣ፤
ዓይኑ ከመስኮት ነው፣ መኪናው እንዳይወጣ።
ስድስት፣ እናትየው፣ ወይዘሮ አስካለ፤
ከበሩ አጠገብ ነው ወንበሯ የዋለ።
ነጠላዋን ሰብስባ አፏ ላይ ይዛዋለች፤
እንደ ባለ ክስ ሰው ዋስ ትፈልጋለች።

ያልነውን ጽፌያለሁ። "ትኩረት ይሻል" አልን።
"ክትትል ይደረግ።" "ግንዛቤ" አከልን።
ቃል በቃል ተሞላ አንድ ገጽ ተኩል፤
ልጁ ግን አልገባም ከቃላቱ መሀል።
"ደወሉ ለምንድን ነው የሚያስበረግገው?"
"ቤት ደወል የለማ!" አለች፣ "በምን ልወቀው?"

ነፋሱ መስኮቱን ወዲያው በረገደው።
"ዘበኛውን ጥሩት፣ በካርቶን ይድፈነው።"
ጋሽ ሸዋፈራሁ መጡ፣ ካርቶናቸውን ይዘው፣
መዶሻው በአንድ እጅ፣ ሚስማር በከንፈር ነክሰው።
ሁለቴ መቱና፣ ሰምተው ወሬያችንን፣
ከአፋቸው አወጡት የቀረውን ሚስማርን፦

"ደወል የምትሉት የመኪና ቸርኬ ነው፤
እኔ ነኝ መችው፤ እኔ ነኝ የማስጮኸው።
ልጁ ድምፅ አይጠላም። ድንገትን ነው የሚጠላ።
እና ብረት ሳላነሣ፣ ወደ ጽዱ ጥላ
ሁለት ጣት አሳየዋለሁ፤ ጆሮውን ይይዛል፤
እመታለሁ፤ ያበቃል፤ ይሥቃል፤ ይገባል።
ዐርብ ዐርብ ተረኛው ሌላ ዘበኛ ነው፤
ዐርብ ዐርብ ብቻ ነው ልጁ የሚጠፋው።"

ማንም አልተነፈሰ። አቶ ጥላዬ ስልኩን
እየጮኸ በግንባሩ ደፉት፣ ዘጉት ድምፁን።
ዓይንአዲስ የክፍሉን መዝገብ ገለጠችው፤
ዐርብ፣ ዐርብ፣ ዐርብ እያለች ቀሪውን ቆጠረችው።

"ይሥቃል?" አለች እናቱ፣ ከዚያ ሁሉ ነገር
አንዲቷን ቃል ይዛ፤
"ይሥቃል?" ደገመች፣ ነጠላው ከአፏ ዳር
ወርዶ እንደ ዋዛ።

እኔም ስድስት ብዬ የዘጋሁትን ቁጥር
ከፈትሁት፦ "ሰባት፣ ሸዋፈራሁ ይመር።"
"የሥራ ድርሻ" ይላል ከጎኑ ያለው ዓምድ፤
"ዘበኛ" ልል ብዬ እጄን አለው ከበድ።
"ልጁን የሚያውቅ" አልሁ።

እሳቸው ግን ሊወጡ በሩን ይዘው ቆመው፣
"እሱስ?" አሉ፣ በመዶሻው ደጁን ጠቁመው።
"በሬ እንኳ ሲሸጥ ገበያ ይወጣል፤
በሌለበት በሰው እንዴት ይመከራል?"

ገባ። ማንንም አላየ። ኪሱ ይንቀጫቀጫል።
ከካርቶኑ ሥር የሾለከ ነፋስ ወረቀቴን ያነሣል።
ልጁ ቀረበ፤ መረጠ ከጠጠሮቹ አንዱን፣
ጠፍጣፋውን፣ ጥቁሩን፤
"ስምንት" ካልሁበት ላይ፣ ፊርማ ከሚለው ቤት፣
አስቀመጠበት።

በማግስቱ ተላከ፣ ወረቀቱ ብቻ፤
ጠጠሩ እኔ ጋ ቀረ፣ ከመሳቢያው ዳርቻ።

ዛሬ ዐርብ ነው። ካርቶኑ ዛሬም መስኮት ነው።
በጠርዙ አያለሁ፦ ያ ሌላው ዘበኛ ከቸርኬው ሥር ነው።
ብረቱን አነሣ፤ ቆም አለ፤ አስታወሰ፤
ሁለት ጣቱን ወደ ጽዱ ጥላ መለሰ።
እኔም፣ ሳላስበው፣
ጆሮዬን ያዝሁ።